የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአሸር ቤት፣ ስንጥቁና ስም የለሹ ተራኪ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች በአሜሪካዊው ደራሲ በኤድጋር አለን ፖ (1809–1849) አጫጭር ልብ ወለዶች ላይ ያተኮሩ ናቸው። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1839 ፊላደልፊያ ይታተም በነበረ መጽሔት ላይ ስለወጣው «የአሸር ቤት ውድቀት» ነው። ላላነበበው ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ስሙ የማይነገረን አንድ ሰው የልጅነት ጓደኛው ሮድሪክ አሸር «ታምሜያለሁና ድረስልኝ» ብሎ ስለጻፈለት በፈረስ ወደ ጓደኛው ያረጀ ቤት ይሄዳል። ሮድሪክ የስሜት ሕዋሳቱ ከመጠን በላይ ተስለው ብርሃንም፣ የአበባ ሽታም፣ ድምፅም የሚያሠቃየው ሰው ሆኗል። መንታ እህቱ ማደሊን ደግሞ ሰውነትን እያደረቀ የሞተ በሚያስመስል ደዌ ትማቅቃለች። ሞተች ሲባል ሁለቱ ጓደኛሞች ለሁለት ሳምንት ያህል ምድር ቤት ልትቆይ ሣጥኗን ዘግተው ያስቀምጧታል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን፣ በማዕበል ሌሊት፣ ከበሩ ደጃፍ ቆማ ትገኛለች። ወንድሟ ላይ ትወድቃለች፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ተራኪው ሲሸሽ ቤቱ ከሁለት ተሰንጥቆ ከፊቱ ያለው ጥቁር ኩሬ ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ «ተምሳሌቶቹን አውጥታችሁ ተንትኑ ተባልን። እኔ ቤቱ የቤተሰቡ፣ ኩሬው የሞት፣ ስንጥቁ የዕብደት፣ ማዕበሉ የሮድሪክ አእምሮ ተምሳሌት ነው እያልሁ ስምንት ዘርዝሬ አቀረብሁ። መምህሬ ‹ይህ ዝርዝር እንጂ ትንታኔ አይደለም› ብለው ከዐሥር አራት ሰጡኝ። ምን ጎደለው?» — የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ የጎደለው «በምን አወቅህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ስምንቱም ፍቺዎችህ ስሕተት ናቸው አንልም። ግን «ኩሬ የሞት ተምሳሌት ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ድርሰቱን ጭራሽ ያልገለጠ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። መምህርህን ያስከፋቸው ይኸው ይመስለናል።

አንድን ነገር ተምሳሌት ነው ከማለትህ በፊት ሦስት ነገር ፈትሽ። ይደጋገማል ወይ? የተቀመጠበት ቦታ ክብደት ይሰጠዋል ወይ፣ ማለትም መክፈቻው ላይ፣ መዝጊያው ላይ ወይም ታሪኩ በሚታጠፍበት ላይ ነው ወይ? በመጀመሪያ የታየበትና በመጨረሻ የታየበት መልክ ይለያያል ወይ? ተራኪው የመጣበት ፈረስ ደጅ ሲደርስ ለአገልጋይ ይሰጣል፤ በዚያው ያበቃለታል። ፈረስ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስንጥቁ ግን ሦስቱንም ፈተና ያልፋል።

ስንጥቁን ቀረብ ብለን እንየው። የሚጠቀሰው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ተራኪው ወደ ውስጥ ሊገባ አንድ እርምጃ ሲቀረው ነው። ከፊት ለፊቱ ጣሪያ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ እየተጠማዘዘ ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይጠፋል። አነጋገሩን ልብ በል፤ «ስንጥቅ አየሁ» አይልም። በጥንቃቄ የሚመረምር ዓይን ምናልባት በጭንቅ የሚታይ ስንጥቅ ሊያገኝ ይችል ነበር ነው የሚለው። ሁለተኛው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ተራኪው ራሱ «ቀደም ብዬ የተናገርሁት፣ ያኔ በጭንቅ ይታይ የነበረው ስንጥቅ» ብሎ ወደኋላ ይመልሰናል፤ አሁን ደም የመሰለች ሙሉ ጨረቃ በውስጡ ታበራለች፤ እያየው እየሰፋ ይሄዳል። በመካከሉ ስለ ስንጥቁ አንድ ቃል የለም። ድግግሞሹ፣ ቦታውና ለውጡ ተሟሉ ማለት ነው።

ፍቺው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እዚህም ላይ አትቸኩል። ብዙ ተማሪ «ስንጥቁ የመንትዮቹ መለያየት ነው» ይላል። ጥሩ ይመስላል፤ ግን መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ቤቱ የፈረሰው ማደሊን ተለይታ ምድር ቤት ስትገባ አይደለም። የፈረሰው ወንድሟ ላይ ወድቃ ሁለቱ አንድ ላይ ከሞቱ በኋላ ነው። ፍቺህ ይህን ካላስረዳ ለውጠው። ከስንጥቁ በፊት ባሉት ዐረፍተ ነገሮች የተሻለ መነሻ አለ። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ አንድም የግንቡ ክፍል አልወደቀም፤ ድንጋዮቹ ግን አንድ በአንድ ተበልተዋል። ተራኪው ይህን የውጭ ነፋስ ሳይነካው በተረሳ ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት ከበሰበሰ እንጨት ጋር ያመሳስለዋል። ቀደም ብሎ የአሸር ዘር ቅርንጫፍ አውጥቶ የማያውቅ፣ ከአባት ወደ ልጅ በአንድ መስመር ብቻ የወረደ መሆኑን ከነገረን ጋር አያይዘው። ቤቱንም ዘሩንም ያቆማቸው ተዘግተው መኖራቸው ነው። ስንጥቁ የዚያ የታፈገ ሙሉነት ጉድለት ነው ብትል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሄድልህ ፍቺ ይዘሃል። ምድር ቤት የምትቀበር ሴት መኖሯንም ያ የበሰበሰ እንጨት አስቀድሞ ሹክ ይልሃል፤ ንግር የሚባለው ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርሰቱ ወደ ሰባት ሺህ ቃል ይሆናል። መጀመሪያ እርሳስ ሳትይዝ በአንድ መቀመጫ ጨርሰው። ፖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ሒስ አጭር ልብ ወለድ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሳይቋረጥ መነበብ አለበት ብሎ ተከራክሯል፤ የሚፈልገው አንድ ወጥ ድባብ ሲቆራረጥ ስለሚጠፋ ነው። በሁለተኛው ንባብ አንቀጾቹን ቁጥር ስጣቸውና ተደግሞ የመጣ ዕቃ፣ ቀለም ወይም ድምፅ ባገኘህ ቁጥር የአንቀጹን ቁጥር ኅዳጉ ላይ ጻፍ። ሦስተኛው ንባብ ቁጥር ወዳረፈባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። የሺህ ቃል ጽሑፍ ሁለት ተምሳሌት ቢሸከም በቂው ነው። ስምንት ከጫንህበት እያንዳንዱ ከመቶ ብዙም ያልዘለለ ቃል ይደርሰዋል፤ በዚያ ቃል የሚሠራ ትንታኔ የለም።

ሁለተኛ ተምሳሌት ከፈለግህ ሻጋታውን ውሰድ። ከቤቱ ክፈፍ ላይ እንደ ድር ተንጠላጥሏል። ሮድሪክን ስናገኘው ደግሞ ጸጉሩ ሳይከረከም አድጎ እንደ ድር ፊቱ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱን ቦታ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ ቤቱና ሰውየው አንድ አካል ስለመሆናቸው ብዙ ማብራራት አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ «ተራኪው ለምን ስም የለውም? ጓደኛዬ ‹ያበደው ተራኪው ራሱ ነው፤ ቤትም አልወደቀም› እያለ ይከራከረኛል። እንዲህ ማለት ይቻላል?» — አንባቢ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ የስሙ ነገር ቀላል ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚከብድ ስም አንድ ብቻ ነው፣ አሸር፤ በአካባቢው ገበሬዎች ዘንድ «የአሸር ቤት» ሲባል ቤተሰቡም ሕንጻውም ነው። እንግዳው ስም ቢኖረው ኖሮ ከዚያ ግንብ ውጭ ሕይወት፣ ሥራ፣ ዘመድ ያለው ሰው ሆኖ ይታየን ነበር።

የጓደኛዎ ሐሳብ ግን ቁም ነገር አለው። ከላይ ለባሕር ዳሩ ተማሪ የነገርናቸው ተምሳሌቶች ሁሉ ወደኛ የደረሱት በአንድ ሰው ዓይን በኩል ነው። መስኮቶቹ ባዶ ዓይን ይመስላሉ ያለው ማን ነው? ተራኪው፤ ያውም ከቤቱ ሰዎች ማንንም ሳያገኝ፣ ገና ፈረሱ ላይ ሳለ። ከዚያ የሚያደርገውን ይመልከቱ። ያስጨነቀው የነገሮቹ አቀማመጥ እንደሆነ ለመፈተን ኩሬው ዳር ፈረሱን ያቆምና የቤቱን ምስል ውኃው ውስጥ ያያል። ጭንቀቱ ባሰበት እንጂ አልቀለለውም። ይህን ሙከራውን እሱ ራሱ «የልጅ ሥራ» ይለዋል። የተሰማውን ድብርት ደግሞ ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ሰው ሲነቃ ከሚሰማው ጋር ያወዳድረዋል። ቆይቶም የሮድሪክ አጉል እምነት ቀስ በቀስ ወደሱ እየተጋባ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ስለዚህ ወረቀት ወስደው ሦስት ዓምድ ያስምሩ። አንደኛው ያየውና የሰማው፣ ሁለተኛው «መሰለኝ» ያለው፣ ሦስተኛው ለሌላ ሰው የተናገረው። የማዕበሉን ሌሊት በነዚህ ዓምዶች ሲከፋፍሉት አንድ ነገር ብቅ ይላል። በቤቱ ዙሪያ የሚያበራ ጉም ያያል። ለሮድሪክ ግን «ይህ ተራ የኤሌክትሪክ ክስተት ነው፤ ወይም ከኩሬው የሚወጣ ትነት ይሆናል» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። በዚያው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎት በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ እንደነበረ ቀደም ብሎ ነግሮናል። አፉ ላይ ያለው ሳይንስና ሆዱ ውስጥ ያለው ፍርሃት አይገናኙም።

«አብዷል» ብሎ መደምደሙን ግን አንመክርም። ሁሉም ቅዠት ከሆነ ስንጥቁም፣ ድምፁም፣ ማደሊንም ዋጋ ያጣሉ፤ የሚተነተን አይተርፍም። ሮድሪክ በመጨረሻ ሁለት ጊዜ «አንተ ዕብድ!» ብሎ እንደጮኸበት የነገረን ራሱ ተራኪው ነው። ሊዋሽ የተነሣ ሰው ይህን ባስቀረው ነበር። የሚያስኬደው ክስ ሌላ ነው። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት የማደሊንን ፊት ያየው፣ ጉንጯ ላይ የቀላ ነገር፣ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ እንደነበር የተናገረው እሱ ነው። ከዚያም ከሮድሪክ ጋር ሆኖ ክዳኑን በብሎን ያጠብቃል፣ የብረቱን በር ይዘጋል፣ ወደ ላይ ይወጣል። አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ይህ ሰው ታሪኩን ሲነግረን ጥፋቱ ሁሉ የቤቱ፣ የኩሬውና የሮድሪክ ነርቭ ቢሆን የሚጠቅመው ሰው ነው። በእኛ አስተያየት ተራኪውን መጠርጠር ያለብን ስላየው ነገር አይደለም፤ ስላልጠየቀው ነገር ነው።

ጽሑፍዎ ውስጥ «ፖ ቤቱን እንደ ሰው ያየዋል» ብለው አይጻፉ፤ የሚያየው ተራኪው ነው። ይህ ስሕተት በፈተና ላይ ብዙ ነጥብ ያስጥላል።

ጥያቄ፦ «ተምሳሌትን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ነው እላቸዋለሁ። ትክክል ነኝ?» — የአማርኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ለመግቢያ ይሠራል፤ ቶሎ ካልተዉት ግን ያሳስትዎታል። ሰምና ወርቅ የሰለጠነበት ተማሪ ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙን ይተወዋል፤ ጥያቄው ተፈትቷላ። እዚህ ድርሰት ውስጥ ያን የመሰለ አንድ ቦታ ብቻ አለ። እሱም ሮድሪክ የሚያዜመው ባለ ስድስት አርኬ (የስንኞች ምድብ) ግጥም ነው። በግጥሙ ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት አለ። ቢጫ ሰንደቆቹ ጸጉር፣ ሁለቱ ብሩህ መስኮቶች ዓይን፣ የዕንቁና የሩቢው በር ጥርስና ከንፈር፣ ንጉሡ አሳብ ነው። በአራቱ አርኬዎች ሁሉ ነገር ያማረ ነው፤ አምስተኛው ላይ ክፉ ነገር ይገባል፤ ስድስተኛው ላይ መስኮቶቹ ቀልተዋል፣ በበሩም እየሳቀ የማይፈግግ መንጋ ይወጣል። አንድ ለአንድ ይገጣጠማል፤ ተማሪዎችዎ በሩብ ሰዓት ይፈቱታል።

የአሸር ቤት ራሱ ግን እንዲህ አይፈታም። ቤተሰብ ነው፣ ጭንቅላት ነው፣ መቃብርም ነው፤ አንዱን ሲይዙ ሌላው አይለቅዎትም። ከሁሉም በላይ ድንጋይና ኖራ ሆኖ መቆየት አለበት፣ በመጨረሻ የሚወድቀው ሕንጻው ነውና። ስለዚህ ግጥሙን መጀመሪያ ያስፈቷቸው፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ መልሰው «ባዶ ዓይን የመሰሉ መስኮቶች» የሚለውን እንደገና ያስነብቧቸው። ልዩነቱን ከእርስዎ ማብራሪያ ይልቅ እዚያው ላይ ያዩታል።

ጥያቄ፦ «ልብ አንጠልጣዩ ቦታ ላይ ስንደርስ ተራኪው ተቀምጦ ስለ አንድ ጀግና የሚያወራ አሮጌ መጽሐፍ ያነባል። ደራሲው ለምን ታሪኩን ያቋርጠዋል? እኔ ዘልዬው ነበር።» — የባንክ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ ከዘለሉት መጨረሻውን አላነበቡትም ማለት ነው። ያ መጽሐፍ የሚባል መጽሐፍ የለም። ርዕሱንም፣ ደራሲውንም፣ ጀግናው ኤተልሬድንም የፈጠረው ፖ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለዚያ ሌሊት በልክ የተሰፋ ነው።

በተራ ይከታተሉ። ኤተልሬድ በዱላው የበሩን ሳንቃ ይሰባብራል፤ ተራኪው ከሩቅ የቤቱ ክፍል የታፈነ፣ ተመሳሳይ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል፤ «መገጣጠም ነው» ብሎ ያልፋል። ኤተልሬድ የሚገድለው ዘንዶ ሲሞት ይጮኻል፤ አሁን የሚሰማው ሩቅ፣ ሻካራና ረጅም ጩኸት ነው፤ መስማቱን አይጠራጠርም፣ ግን ሮድሪክን ላለማስደንገጥ ራሱን ይገታል። በመጨረሻ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጋሻ ከብር ወለል ላይ ይወድቃል፤ የታፈነ የብረት ድምፅ ያስተጋባል፤ ተራኪው ከመቀመጫው ይዘላል። በዚህ መሐል ሮድሪክ ወንበሩን ቀስ በቀስ ወደ በሩ አዙሮ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። ከዚያ ሦስቱንም ይተረጉማቸዋል፤ የሳንቃው ስብራት የሣጥኗ መቀደድ፣ የዘንዶው ጩኸት የብረት በሩ ማጠፊያ ሲፋጭ፣ የጋሻው ድምፅ በመዳብ በተለበጠው መተላለፊያ ውስጥ ስትታገል።

አሁን ወደ ቀብሩ ይመለሱ። መዳቡም፣ ክብደቱ ከፍ ያለ የብረት በርም፣ በሩ ሲንቀሳቀስ የሚያወጣው የስለት ያህል የሚቆርጥ ድምፅም እዚያ አስቀድመው ተቀምጠዋል። ክፍሉ ድሮ ባሩድ ይቀመጥበት ስለነበር ተለብጧል የሚል ምክንያት ተሰጥቶት ስለነበር አንባቢ ሳይጠረጥር ያልፈዋል። የሚያስገርመው የዕቃዎቹ ብዛት አይደለም፤ ሦስት ናቸው። ሦስቱም ሁለት ጊዜ ተጠርተው በሁለተኛው ጥሪ ድምፅ ይሆናሉ።

የንባቡ ሌላ ሥራ ተራኪውን ማጋለጥ ነው። መጽሐፉን ያነሣው ጓደኛውን ያረጋጋልኛል ብሎ ነው። ሦስቱን ድምፆች ከፍ እያለ በሚሄድ እርግጠኝነት ይሰማል፤ ግን ምን እንደሆኑ አይናገርም፤ ማንበቡን ይቀጥላል። የሚናገረው በሽተኛው ነው፤ ቀናት ሙሉ ሲሰማ እንደነበረና ለመናገር እንዳልደፈረ የሚያምነውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ማደሊን በሕይወት ነበረች ወይስ መንፈሷ ነው የመጣው?» — በጽሑፍ መልእክት የደረሰን

መልስ፦ ጽሑፉ ሁለቱንም ያስኬዳል። ከሕይወት ወገን ያሉት ማስረጃዎች ደዌዋ፣ የጉንጯ ቅላት፣ ስትመጣ ልብሷ ላይ የታየው ደምና የትግል ምልክት ናቸው። ሳይሞቱ መቀበር በዚያ ዘመን ብዙ የሚወራበት ፍርሃት ነበር፤ ፖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1844 በዚሁ ርዕስ ሌላ ታሪክ ጽፎበታል። በተቃራኒው አንድ ሳምንት ያህል ያለ ምግብና ውኃ የቆየች ሕመምተኛ በብሎን የታሰረ ክዳን ሰብራ ያን የብረት በር ከፈተች ማለት ይከብዳል። ፈተና ላይ አንዱን መርጠው ሌላውን የሚደግፈውን ማስረጃ ካልጠቀሱ መልስዎ ጎዶሎ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ዝርዝር እንጨምርልዎ። ሣጥኑ የተቀመጠበት ክፍል ከተራኪው መኝታ ክፍል ቀጥታ ሥር ነው። ሮድሪክ ከሌላ ክፍል ሆኖ የሰማውን፣ ከላዩ ተኝቶ የነበረው ሰው በማዕበሉ ሌሊት «ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ» ከማለት በቀር አይነግረንም።

ጥያቄ፦ «ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጄ የፖን ‹ምስጢር አውጪው ልብ› አንብባ እንድትጽፍ ታዘዘች። ‹ተራኪው ዕብድ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ገድሏል› ብላ ጻፈች። አስተማሪዋ ‹ማስረጃ የለውም› ብላ መለሰችላት። እኔ በአማርኛ ላስረዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» — እናት፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አስተማሪዋ ልክ ናት፤ ሰው መግደል የዕብደት ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥር 1843 የወጣው ይህ ታሪክ ከአሸር ቤት በጣም ያጥራል፣ ተራኪውም እዚያ ካለው ይለያል። እዚህ ተራኪው ገዳዩ ራሱ ነው፤ የሚናገረውም «ዕብድ ነህ» ብሎ ለፈረደበት ለአንድ «አንተ» ነው። ታሪኩ በሙሉ የመከላከያ ክርክር ነው። ልጅዎ መጠየቅ ያለባት «ዕብድ ነው ወይ?» ብላ አይደለም፤ «ጤነኛ ነኝ ለማለት የሚያቀርበው ምንድን ነው? ለምንስ አያሳምነንም?» ብላ ነው።

ማስረጃ የሚሆኗትን ራሷ ትፈልጋቸው፤ እርስዎ መንገዱን ይጠቁሟት። ሽማግሌውን እወደው ነበር ይላል፤ አልበደለኝም፣ ወርቁንም አልፈለግሁም ይላል፤ ምክንያቱ ብዥታ የሸፈነው ፈዛዛ ሰማያዊ ዓይኑ ብቻ ነው። ጤነኛ ነኝ ለማለት ጥንቃቄውን ይቆጥራል፤ ሰባት ሌሊት በእኩለ ሌሊት መምጣቱን፣ ጭንቅላቱን በበሩ ክፍተት ለማስገባት አንድ ሰዓት መፍጀቱን። ትዕግሥቱ በገፋ ቁጥር የበለጠ ያስፈራናል። ከሁሉ የሚጠቅማት ግን ድምፁ ነው። ሽማግሌው በሕይወት ሳለ የሰማውን የልብ ምት «ጥጥ ውስጥ የተጠቀለለ የኪስ ሰዓት» ከሚያወጣው ድምፅ ጋር ያመሳስለዋል። ሦስቱ ፖሊሶች ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ሽማግሌው ሞቶ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ሳለ፣ የሚሰማውን ድምፅ በዚያው ንጽጽር፣ በተቀራራቢ ቃላት ይደግመዋል።

አንቀጹ ሦስት ነገር ይኑረው፦ አንድ አቋም፣ ከዐሥር ቃል ያልበለጠ ጥቅስ፣ ጥቅሱ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች። ለምሳሌ፦

«ተራኪው የራሱን ልብ ምት ከሟቹ ልብ መለየት አይችልም። ሽማግሌው ከመሞቱ በፊትም ከሞተ በኋላም ድምፁን ‹ጥጥ ውስጥ የተጠቀለለ ሰዓት› ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱን ድምፆች በአንድ ንጽጽር መግለጹ ምንጫቸው አንድ መሆኑን ይጠቁማል፤ ሟች ልብ ስለማይመታ ያ ምንጭ ራሱ ተራኪው ነው። ፖሊሶቹ ምንም ሳይሰሙ ማውራታቸውም ይህንኑ ያጠናክራል።»

ልጆች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ አራት መስመር ጥቅስ ገልብጠው «ይህ ዕብደቱን ያሳያል» ብለው በማቆማቸው ነው። ጥቅሱን ያሳጥሩላት። ከጥቅሱ ውስጥም አንድ ቃል መርጣ ስለሷ እንድትጽፍ ይንገሯት፤ «ጥጥ» ለምን? «የተጠቀለለ» ለምን? ነጥብ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «የያዝሁት የ‹አሸር ቤት ውድቀት› ቅጂ መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይኛ ስንኝ አለው፤ የጓደኛዬ ግን የለውም። የትኛው ነው ትክክለኛው?» — የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ሁለቱም የፖ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1839 መጽሔት ላይ ሲወጣ ስንኙ አልነበረም፤ የተጨመረው በ1845 በመጽሐፍ ሲታተም ነው። ስንኙ የፈረንሳዊው ገጣሚ የቤራንዤ ነው፤ «ልቡ የተሰቀለ ሉት ነው፤ በነኩት ቁጥር ያስተጋባል» ይላል (ሉት ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው)። ቤራንዤ የጻፈው «ልቤ» ብሎ ነበር፤ ፖ «ልቡ» አድርጎታል፤ በዚህ ለውጥ ስንኙ ስለ ሮድሪክ ሆኗል። ሥራዎ ላይ ከጠቀሱት የ1845ቱን ቅጂ መጠቀምዎን ይግለጹ። ሮድሪክ የሚያዜመው ግጥም ደግሞ ብቻውን ቀድሞ፣ በሚያዝያ 1839 ባልቲሞር ውስጥ ታትሟል፤ ታሪኩ ውስጥ የገባው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ስለ ሉት የሚጽፉ ከሆነ ሦስት ቦታ ያያይዙ፦ ይህን ስንኝ፣ ሮድሪክ የሚታገሠው የክር መሣሪያ ድምፅ ብቻ መሆኑን፣ እና በግጥሙ ሦስተኛ አርኬ ላይ መናፍስቱ በሉት ቅኝት ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበትን። ስድስተኛው አርኬ ላይ ግዙፍ ቅርጾች የሚንቀሳቀሱት ቅኝት በሌለው ዜማ ነው፤ ሉቱ አይጠቀስም።